ግንቡ እስኪመረቅ

ትዳር ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ልየው እባላለሁ፤ ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ከአባቴ የወረስኩት አንድ መዶሻ፣ አንድ ቱንቢና ሥራ ጀምሮ ያለማቆም አመል ነው። ትርንጎንም ያገኘኋት በሥራ ላይ ነው፤ ለአባቷ ቤት መሠረት ስጥል ውኃ እያቀበለችኝ፣ «ይህ ድንጋይ ጠማማ ነው» እያለች ትተቸኝ ነበር። እውነትም ጠማማ ነበር። ያን ቤት ሳልጨርስ ሽማግሌ ላክሁ። ደስተኛ ሰው ነበርኩ፤ ደስታዬን ያወቅሁት ግን ከሄደ በኋላ ነው።

አገራችን በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ የጠጠሩን መንገድ ስትከተሉ ጥቁር ውኃ ከሚባለው ወንዝ ትደርሳላችሁ፤ የእኛ ቀበሌ ከወንዙ ማዶ ነው። ጥቁር ውኃ በበጋ ልጅ የሚዘለው ቀጭን ውኃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ በሬም ሰውም አይለይም። በዚህ ወንዝ ላይ ሦስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ተሠርቷል። እኛ «ግንቡ» እንለዋለን። ያሠሩት በአያቶቻችን አባቶች ዘመን የነበሩ የአገር ገዥ ናቸው ይባላል። ሥራውን የመራው ከባሕር ማዶ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው ግን ያገሬው ሰው ነው። ኖራው ከዓባይ በረሃ በበቅሎ ተጭኖ መጣ። የጊዜው የንስሐ አባቶችም ለሚናዘዝ ሰው ከስግደቱ ጋር ድንጋይ መሸከምን በቀኖና ይሰጡ ነበር አሉ። የሰረቀም፣ ወንድሙን ያማም፣ በጾም የገደፈም፣ ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ እስከ ወንዙ ተሸክሞ ይወርዳል። አባቴ ሲቀልድ፣ «ግንቡ በአገሩ ኃጢአት የቆመ ነው፤ ለዚህ ነው የማይፈርሰው፤ ኃጢአት አያልቅም» ይል ነበር።

ለምን እንደተሠራ ግን ቀልድ የለበትም፤ ልጅም ሽማግሌም ያውቀዋል። ወንዙ በየክረምቱ ሰው ይወስድ ስለነበር፣ ሰው እንዳይሞት ተሠራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግንቡ ቅርስ ነውና ይጠገን ተባለ። አንድ ፕሮጀክት መጣ፤ ካገሩ ግንበኞች ተቀጠሩ፤ እኔም ተቀጠርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ በጋ የወደድኩት ሥራ የለም። ከመሐለኛው ቅስት ሥር መወጣጫ አቁመን ስንወጣ ድንጋዮቹ እንዴት እንደተያያዙ ቀርቤ አየሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ተደርጎ ተጠርቧል፤ አንዱ ልወድቅ ሲል ጎረቤቱ ይይዘዋል፤ አናቱ ላይ የገባው ቁልፍ ድንጋይ ደግሞ ሁሉንም አጣብቆ ያቆማቸዋል። ከላይ ሸክም ሲበዛበት ይብሱን ይጠብቃል እንጂ አይላላም። እግሮቹ በላይኛው ውኃ በኩል እንደ ማረሻ ሾለው ነው የተገነቡት፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ሰንጥቀው በግራና በቀኝ ያሳልፉታል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ሥር የሰደደ ሾላ ነቀልን። ከዚህ ቀደም የመጡ ጠጋኞች የለጠፉትን ሲሚንቶ ፈልፍለን አወጣን፤ ሲሚንቶ ውኃውን አፍኖ ድንጋዩን ያበሰብሰዋል። በቦታው እንደ ድሮው ኖራ፣ አሸዋና የተወቀጠ ሸክላ ለውሰን ሞላን። ሥራው ሲያልቅ ወጣቱ መሐንዲስ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «በል እንግዲህ፣ የልጅ ልጆችህ ይሻገሩበታል» አለኝ። ለትርንጎ ስነግራት ሳቀች። «ከልጅ ልጅ በፊት ልጁ ይምጣ» አለችኝ። እንደፀነሰች የነገረችኝ በዚሁ ንግግር ነው።

ከሥራው ሁሉ በመጨረሻ የመጣው የብረት በር ነበር። በግንቡ በሁለቱም አፍ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ በር ይተከል ተባለ። ለምን ብንል «እስኪመረቅ ነው» አሉን። ከብት እንዳያቆሽሸው፣ እግረኛ ጭቃ ይዞ እንዳይገባ፣ ትልቅ እንግዳ መጥቶ ሪባኑን እስኪቆርጥ ንጹሕ ሆኖ ይቆይ። ምሰሶዎቹን ጠልቀን ቆፍረን፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አስረን ተከልን። ጓጉንቸር ተንጠለጠለበት። ምርቃቱ መጀመሪያ ለሚያዝያ ተባለ፤ ቀጥሎ ለግንቦት፤ ቀጥሎ «እንግዳው አልተመቸውም» ተባለ። በጋ ስለነበር ሰው በወንዙ ውስጥ እያቋረጠ ይሄዳል፤ ብዙም አላጉረመረመም። ሰኔ ሲገባ ሽማግሌዎች ከተማ ወርደው አመለከቱ። «ትንሽ ታገሡን» ተባሉ። ያገራችን ሰው መታገሥ ማን አህሎት፤ ታገሠ።

ለግንቡ ዘበኛ የተቀጠሩት አያ ይርጋ ነበሩ። የትርንጎ እናት ወንድም ናቸው። በሠርጋችን ላይ ቆመው የመረቁን እሳቸው ናቸው፤ ትርንጎን ሲያዩ «የእቴ ልጅ» ብለው ግንባሯን ሳይስሙ አያልፉም።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ትርንጎ ቀሰቀሰችኝ።

«ልየው፣ ወገቤን።»

«ጊዜው ገና ነው እኮ» አልኳት። ወሯ ሲገባ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ካለው የእናቶች ማቆያ ልወስዳት ነበር ሐሳባችን።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለእሱ ንገረው» ብላ ሆዷን አሳየችኝ። ሳቋ ግን ግማሽ ላይ ቀረ።

ጎረቤታችንን እትየ አንጓችን ጠራኋቸው። አገሩን ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው። ገብተው ብዙም አልቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን በቅጠል እየጠረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ደሙ ቀድሞ መጥቷል። ይህ የእኔ እጅ የሚችለው አይደለም። ሳትውል ሳታድር አድርሳት» አሉኝ።

የትርንጎ ወንድም ምናለ፣ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ሮጦ ወጥቶ አምቡላንስ ጠራ። ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። «ከፍኖተ ሰላም እየመጡ ነው። መኪናው ግንቡ አፍ ላይ ይጠብቀናል» አለ። ቃሬዛ አበጀን። ከሰዓታት ጸሎት የሚመለሱ ሁለት ጎረቤቶች ጫፍና ጫፉን ያዙልን፤ አራት ሆነን ወረድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንዱ ሲንሸራተት ሦስታችን እንይዛለን። ትርንጎ ጥርሷን ነክሳለች። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቀስ፣ ዕቃ አይደለሁም» ትላለች።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ወንዙ ሞልቶ ታየን። በውስጡ ማቋረጥ የሚታሰብ አልነበረም። የአስፋልቱ ድልድይ ደግሞ ዞሮ ለሚሄድ ከግማሽ ቀን በላይ ያስኬዳል። ግን ማን ግድ ሰጠው፤ ግንቡ ፊታችን ላይ ነው፤ ማዶ የአምቡላንሷ ነጭ ቀለም ይታያል። ምናለ፣ «ትርንጎ፣ ደረስን እኮ! መኪናዋ ያቻት» አላት። ቀና ብላ አየች።

አያ ይርጋ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከማማቸው ወጡ።

«ምንድን ነው? ማን ነው የታመመው?»

«ትርንጎ ናት፣ አያ። ምጥ ነው፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ቶሎ ይክፈቱልን።»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወደ ቃሬዛው ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙ። «አይዞሽ፣ የእቴ ልጅ። አይዞሽ» አሏት። ከዚያ ቀና አሉና፣ እኔን ሳይሆን ወንዙን እያዩ፣ «ቁልፉ እኮ ከተማ ነው» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ትናንት ወሰዱት። እንግዳው ነገ ይመጣል ብለው ወለሉን አሳጠቡ፤ ጠርዙን ኖራ አስቀቡ፤ ቁልፉንም ይዘው ሄዱ።»

እውነትም ጠርዙ ነጭ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። በበሩ ብረት መካከል አሻግሬ ሳየው ያ የወደድኩት ሥራ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

ምናለ መልስ አልጠበቀም። ድንጋይ አንሥቶ ጓጉንቸሩን ይመታው ጀመር። አያ ይርጋ እየሮጡ ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ተው! ተው ምናለ፣ በማርያም! ባለፈው ወር በሩን ከፍቼ አስከሬን ባሳለፍኩ አስረው አሳደሩኝ። በዚህ ሽበቴ ከሌባ ጋር አሳደሩኝ! ይህን ብትሰብር እኔን ነው የምትሰብረኝ። ልጄንም ከሥራው ያስወጡታል፤ ነግረውኛል!»

«የእህትዎ ልጅ እኮ ናት የምትሞተው!» ብሎ ጮኸባቸው።

«አውቃለሁ! አውቃለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ቁልፍ የለኝ!» አሉና አለቀሱ። የሽማግሌ ለቅሶ አንጀት ይበላል። እንባቸው በጢማቸው ላይ ሲወርድ አይቼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያ ጭንቅ መካከል ለእሳቸው አዘንኩ።

ጓጉንቸሩ በድንጋይ የሚበገር አልሆነም። አንደኛው ጎረቤታችን «ምሰሶውን እንነቅንቀው» አለ። «አይነቀልም» አልኩት። ስንተክለው እዚያው ነበርኩ።

ማዶ፣ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ የዚያኛውን በር በሁለት እጇ ይዛ ትነቀንቃለች። የምትለው በወንዙ ጩኸት አይሰማም። እጇን ብቻ እናያለን፤ «ኑ፣ ኑ» ትላለች።

«በላይ እናሳልፋት» አልኩ።

ጋቢዎቻችንን አጣጥፈን በሾሉት ብረቶች ላይ አነጠፍን። ትርንጎን በነጠላና በጠፍር ከቃሬዛው ጋር አሰርናት። ምናለና አንዱ ጎረቤት ዘለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኛ ከውጭ ሆነን ልናነሣ ተዘጋጀን። አያ ይርጋ ቆመው ያዩናል። ይከለክሉናል ብዬ ሄጄ ከእግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አያ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ።»

ከዚያ ጀርባቸውን አዞሩልን። «በላይ ከሄዳችሁ እኔ አላየሁም» አሉ። «በሩን ካልነካችሁ፣ እኔ አላየሁም።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እግዜር ይስጥልን» አልኳቸው። ይህን አስታውሱልኝ፤ አመስግኛቸዋለሁ።

ቃሬዛውን ከትከሻችን በላይ ስናነሣ ትርንጎ ሰማይና ምድር መካከል ሆነች። ክብደቷ ወደ እኔ አጋደለ። ከላይ ሆና ዐይኔን አየችኝ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ልየው» አለች። «በሩንም አሳምራችሁ ነው የተከላችሁት።»

እየቀለደች ነው ወይስ እየወቀሰችኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንደኛው የብረት ጫፍ ጋቢውን በስቶ ቃሬዛውን ያዘ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ምናለ ከውስጥ ይጎትታል፤ እኛ እንገፋለን። በመጨረሻ ጨርቁ ተቀደደና ወደ እነሱ ወረደች። እኔም ዘልዬ ገባሁ።

ከዚያ ሮጥን። ከሥራችን ወንዙ ያገሣል፤ ግንቡ ግን ንቅንቅ አይልም። መሐለኛው ቅስት አናት ላይ ስንደርስ ትርንጎ ክንዴን ጨመደደችው።

«አስቀምጡኝ።»

«ደረስን እኮ፣ ትንሽ ቀረ...»

«ልየው፣ መጣ። አስቀምጡኝ!»

ኖራ በተቀባው ጠርዝ ሥር አስቀመጥናት። ነርሷ ማዶ ሆና ያየችው ነገር ገባት፤ የሕክምና ቦርሳዋን በብረቱ መካከል ወርውራ እሷም በሩ ላይ ወጣች። ጋዋኗ ጫፉ ላይ ተይዞ ተተረተረ፤ ጭኗን ቧጨራት፤ ግድም አልሰጣት፤ እያነከሰች መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ከእኔ ታንሳለች። «ወንዶች ዞር በሉ፤ አንተ ራሷን ያዝ» አለችኝ። ሾፌሩ በማዶው በር ላይ የመኪና ክሪክ አስገብቶ ሰንሰለቱንና ጓጉንቸሩን ሊያላቅቅ ይታገላል። ብረቱ ሲንቋቋ ይሰማል።

ልጄ የተወለደችው በሁለት የተቆለፉ በሮች መካከል ነው። ስታለቅስ ምናለ ከት ብሎ ሳቀ፤ ጎረቤታችን እልል አለ፤ ከኋላችን ከበሩ ውጭ የቀሩት አያ ይርጋም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አየኋቸው። ለዚያች ቅጽበት ሁላችንም ዳነች ብለን ነበር።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝና ወደ ትርንጎ ተመለሰች። ሆዷን ትጫናለች፤ መርፌ ትወጋለች፤ ጨርቅ ትለውጣለች። የታጠበው ወለል ላይ ደሙ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ እየተከተለ ሄደ፤ እኔ በእጄ የሞላሁት መጋጠሚያ ነው። «መኪናው ጋ መድረስ አለባት፤ አሁኑኑ!» ብላ ጮኸች። «ሾፌር! ምን ሆንክ!»

«አልላቀቅ አለኝ!»

ምናለ ሮጦ ሄዶ አገዘው። እኔ ሕፃኗን በአንድ ክንዴ፣ የትርንጎን ራስ በሌላው ይዤ ተቀምጫለሁ። የጊዜው ርዝመት ስንት እንደነበር አላውቅም። ጓጉንቸሩ ሲሰበር የጥይት ድምፅ አወጣ። ተሸክመናት ወጣን፤ መኪናው ተነሣ።

መንገድ ላይ ዐይኗን ገለጠች።

«ምንድን ነው የሰጠኝ?»

«ሴት ናት።»

«እኔን ትመስላለች?»

«አንቺን ቁርጥ።» በነጠላ የተጠቀለለ ፊት ነው፤ ማንን እንደሚመስል አላየሁም ነበር።

«እንግዲያው ጠማማ ድንጋይ አታሳልፍህም» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። የጠጠሩ መንገድ አልቆ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መኪናው መንገጫገጩን ተወ፤ ነርሷም እጇን ከሆዷ ላይ አነሣች። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና ፍጥነቱን ቀነሰ። የምንቸኩልበት ነገር እንደሌለ የገባኝ ከዚያ ነው።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ነርሷ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «ትንሽ ቀደም ብለን ደርሰን ቢሆን ደም ይሰጣት ነበር፤ ትተርፍ ነበር» አለችኝ። ብላው ወዲያው አፏን ያዘች። አልተቀየምኳትም። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

አስከሬኗን በዚያው ግንብ መለስናት። በሮቹ ያን ጊዜ ክፍት ነበሩ፤ የወዲህኛውን ማን እንደከፈተው የጠየቀ አልነበረም።

ለቅሶው ላይ አንዲት አልቃሽ ከማዶ መንደር መጥታ፣ ወሬውን ከሰው አፍ ሰምታ፣ እንዲህ ብላ ገጠመች፦

«ድንጋይ ልቡ ራርቶ ያሻግር ነበረ፣
የሰው ልብ ነው እንጂ ተቆልፎ የቀረ።»

ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ግጥሙ ስለ ከተማው ሹሞች ነው፤ ሁላችንም የሰማነው እንደዚያ ነው። አያ ይርጋ ግን ከመካከላችን ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወጥተው ሄዱ። ሐዘኑ ቢከብዳቸው ነው አልን። አንድ ሰውም ሊደግፋቸው ተከትሏቸው ወጣ።

እንግዳው በማግሥቱም አልመጣም፤ ዝናብ ነው ተባለ። የተሰበረው ጓጉንቸር በሌላ ተተካ፤ ደሙ ታጠበ። ትልቁ እንግዳ የመጣው እኛ ገና ሐዘን ላይ ሳለን ነው። አልሄድኩም፤ ሞንታርቦው ግን ወንዙን አሻግሮ እስከ ሐዘን ቤታችን ይሰማል። አንዱ ተናጋሪ፣ «ዘመን ከዘመን መንገደኛ አሳፍሮ የማያውቅ ድልድይ» ሲል ሰማሁት። ጭብጨባው ረዥም ነበር። በሳምንቱ በሮቹ ተነቀሉ፤ ሥራቸውን ጨርሰዋላ።

በአርባዋ ተዝካር አወጣን። ሰው በልቶ ሲበተን አያ ይርጋ ከቄሱ ጋር ገቡ። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ከስተዋል፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ከዳሱ መካከል ተንበረከኩና አንገታቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። ከማተባቸው ጋር የታሰረ አንድ ቁልፍ አወጡ።

«ይህ ነው» አሉ።

የገባው ሰው አልነበረም። «ምኑ ነው አያ?» አልኳቸው።

«የግንቡ ነው። ለሁለቱም በር የሚሆን። ከተማ አልነበረም። እዚህ ነበር።» ደረታቸውን በእጃቸው ነኩ።

እኔ የተናገርኩት ቃል ትዝ የሚለኝ ከራቀ ቦታ እንደሰማሁት ሆኖ ነው።

«ግንባሯን ሲስሟትም?»

«ስስማትም።»

«ጉልበትዎን ስስምዎትም?»

«አዎን።» አንገታቸውን ደፉ። «በላይ ካለፈችማ ምን አለበት ብዬ ነው። እሷም ትደርሳለች፤ እኔም አልታሰርም፤ ልጄም እንጀራውን አያጣም ብዬ። እንዲህ ይሆናል አላልኩም። ልየው፣ ልጄ፣ ስታነሷት እኮ እጄ ማተቤ ላይ ነበር። ላወጣው ነበር። ላወጣው ስል አለፈች። ካለፈች በኋላ ደግሞ፣ ‹ለካ ነበረህ› እንዳትሉኝ ፈራሁ። ያን የማዶውን በር ሲታገሉት እያየሁ... ፈራሁ።»

ምናለ ዱላ ሊያነሣ ሲል አራት ሰው ያዘው። እኔ አልተነሣሁም። ቁልፉን አየሁት። ትንሽ ነው፤ የሣጥን ቁልፍ ያህል።

ከዚያ በኋላ ያለው እናንተም የምታውቁት ያገራችን ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ቄሱ መስቀል ይዘው ቆሙ። «ሳያውቁ ነው፤ ፈርተው ነው፤ ደም የለበትም፤ ዘመድ ነው» ተባለ። አያ ይርጋ ድንጋይ ተሸክመው ከእግሬ ሥር ወደቁ። «ይቅር በል» ስባል «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ግን አፍ ይበቃቸዋል፤ አገር የሚኖረው በአፍ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ የማስተምራችሁ ነገር የለኝም። ምን እንደተለወጠብኝ ግን ልንገራችሁ። ድሮ ክፉ ሰው የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ከተማ የተቀመጠ፣ ስብሰባ የሚወድ። እነዚያን ሰዎች ዛሬም አልምራቸውም፤ ሪባን ለመቁረጥ ብለው ወንዝ ላይ በር የቆለፉ ናቸው። ነገር ግን እነሱ ያን ዕለት እዚያ አልነበሩም። እዚያ የነበሩት የሚወዷት ሰው ናቸው። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ እኔ ምስክር ነኝ፤ አያ ይርጋ ከልባቸው ነበር ያለቀሱት። እንባውም እውነት ነበር፤ ቁልፉም አንገታቸው ላይ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ደረት ላይ እንዴት እንደሚያድሩ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ የሚያለቅስልኝን ሰው ሁሉ አንገቱን አያለሁ። ይህ በሽታ ነው፤ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ጠበል ተጠምቄ አልለቀቀኝም።

እንጀራዬ ዛሬም ግንበኝነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፍኖተ ሰላም እሠራለሁ፤ አጥር ሥራ ሲሉኝ እሠራለሁ፤ በር ትከል ሲሉኝ ሌላ ሰው ፈልጉ እላለሁ። በወንዙም ግንብ እሻገራለሁ፤ እሱ ምን አደረገ። በክረምት ከብቱም፣ ሙሽራውም፣ አስከሬኑም ያልፍበታል። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ ሲያነሣ አየዋለሁ። መሐለኛው ቅስት ላይ ስደርስ ጠርዝ ጠርዙን እሄዳለሁ እንጂ በመካከል አልረግጥም።

ልጄን ቤተሰቡ ምትኬ አላት። ስሙን አልወደድኩትም፤ ትርንጎን የሚተካ የለም። ግን ጸደቀ። የምናለ ሚስት ከልጇ ጋር አጥብታ አሳደገቻት። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ነገር ሁሉ ትጠይቃለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አያ ይርጋ ከደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። አርጅተዋል። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆሙት፤ አይቀርቡም፤ ከሩቅ እሷን ያያሉ። ምትኬ ጋቢዬን ያዝ አድርጋ ጎተተችኝ።

«አባባ፣ እኒያ ሽማግሌ ለምን ያዩኛል?»

«ዘመድሽ ናቸው። የእናትሽ አጎት።»

አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። አንድ እጃቸውን ከምርኩዙ ላይ ትንሽ ከፍ አደረጉና መልሰው አወረዱ።

«ታዲያ ለምን ሰላም አንላቸውም?»

«ነይ እንሂድ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» አልኳትና እጇን ያዝኩ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።